«ቆዪ!»፦ ልብ ወለድ እየጻፉ ልጅ ማሳደግ

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት ልወስድ ስሄድ መምህሯ በር ላይ አስቆመችኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ልጅህ አሻንጉሊቶቿን በተርታ ታስቀምጥና ጀርባዋን ሰጥታቸው ‹ቆዪ፣ ቆዪ› ትላቸዋለች። የሀገራችሁ ጨዋታ ነው? ለሌሎቹም ልጆች ልናስተምራቸው አስበን ነበር።»

ጨዋታ እንዳልሆነ ነገርኳት። ትርጉሙንም «ትንሽ ጠብቂ ማለት ነው» ብዬ በአጭሩ አለፍኩት። ያልነገርኳት ነገር፣ ጀርባውን ሰጥቶ «ቆዪ» የሚለው ሰው እኔ መሆኔን ነው።

የምንኖረው ስቶክሆልም ነው። እንጀራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ከዚያ በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ በአማርኛ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ የመጻፊያ ጠረጴዛዬ ሳሎን ጥግ ላይ ነው፤ ስጽፍ ፊቴ ወደ ግድግዳ፣ ጀርባዬ ወደ ልጄ ይሆናል። ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። «አባ» ስትለኝ «ቆዪ» እላታለሁ። ትመለስና «አባ» ትላለች፤ እኔም ዞር ሳልል «ቆዪ» እላለሁ። በመጨረሻ ታብሌቱን እሰጣታለሁ።

በዚያ ሰሞን እጽፈው የነበረው ምዕራፍ አንዲት አያት እሳት ዳር ተቀምጣ ለልጅ ልጇ ተረት ስትነግር የሚያሳይ ነበር። ልጄ አንድ ቀን በቋንቋዋ እንድታነበው ብዬ ነው የምጽፈው። እኔ ስለ ተረት በአማርኛ ስጽፍ፣ ከኋላዬ የእኔ ልጅ ተረቷን በስዊድንኛ ከስክሪን ትሰማ ነበር። ይህን ያየሁት መምህሯ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው።

ፈቃዱ ለማን ነበር?

ነገሩ የጀመረው ልጃችን ከመወለዷ በፊት ነው። ስዊድን ውስጥ ለአንድ ልጅ 480 ቀን የወላጅነት ፈቃድ ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ ዘጠና ዘጠናው ለእናትና ለአባት ለየብቻ የተያዘ ነው፤ አንዱ ለሌላው ሊያስተላልፈው አይችልም። እኔ ስድስት ወር ለመውሰድ ስወስን ዘመዶች አመሰገኑኝ። በልቤ የነበረው ግን ሌላ ነው። «ሕፃን ልጅ ቀን ቀን ይተኛል፤ በስድስት ወር መጽሐፉን እጨርሳለሁ» ብዬ ነበር። እንደ መሥሪያ ቤት ሥራ መርሐ ግብር ሁሉ አውጥቼለት ነበር።

በስድስት ወር የጻፍኩት አሥራ አንድ ገጽ ነው። ስትተኛ ልብስ ይታጠባል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ጡጦ ይቀቀላል። ያ ሁሉ ካለቀም እኔው ራሴ ጎኗ እንቅልፍ ይወስደኛል። ዛሬ ሳስበው የሚቆጨኝ የገጹ ማነስ አይደለም። ስትነቃ ስንት ጊዜ ቅር እንዳለኝ ነው። ሕፃን ልጅ ዓይኗን ገልጣ ፈገግ ስትልልኝ፣ በውስጤ «ምነው አስር ደቂቃ በጨመርሽልኝ» እል ነበር።

ልብ ወለድ የሚለውን ስም ያገኘነው ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ያም ማለት ይህ የእኛ ሥነ ጽሑፍ ከጅምሩ ባሕር ማዶ ነው የታተመው፤ በባዕድ ሀገር አማርኛ መጻፍ ዛሬ የጀመርነው ነገር አይደለም። ስሙ ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ልብ የወለደው አለ፣ ሰው የወለደው አለ። ሁለቱም ሌሊት ይቀሰቅሳሉ። የሚያለቅሰው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ቀድሞ መነሣት ያለበትም ለእሱ ነው።

ሰዓቱ የማን ነበር?

የመምህሯን ጥያቄ ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም። እሷ በአረጋውያን መንከባከቢያ ነርስ ናት፤ በፈረቃ ትሠራለች። ከሥራ ደክማ ትገባና ልጅቷን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ እኔ «ይቺን አንቀጽ ልጨርስ» እያልኩ ታስተኛታለች።

«መጽሐፉ ሽፋን ላይ ስምህ ይጻፋል» አለችኝ። «እኔ የከፈልኩት ሰዓት የት ይጻፋል?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ አንድ የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። ሙያዋን የምታሳድግበት የማታ ትምህርት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተመዝግባ ሁለት ጊዜ ትታዋለች። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ልነግርህ መጥቼ ‹ቆይ› አልከኝ» አለች። «ቆይ» ያልኩት ለልጄ ብቻ እንዳልነበር ያኔ ገባኝ።

ብዙ ጊዜ የምናደንቃቸው ደራሲያን «ሚስቱ ሁሉን ነገር ትታለት ጻፈ» ተብሎ ይነገርላቸዋል፤ እኛም እንደ ውዳሴ እንሰማዋለን። እኔም ሳላውቀው ያንኑ መንገድ ይዤ ነበር። በማግስቱ እሑድ ቡና አፍልተን አንድ ትልቅ የወረቀት ቀን መቁጠሪያ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍን። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የእሷ ትምህርት ነው፤ ልጅቷ የእኔ ናት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በሀገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እጽፋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት እጨምራለሁ። እሑድ ማንም የራሱን ሥራ አይሠራም።

በማለዳ የመጻፍን ነገር ያመጣሁት ከራሴ አይደለም። አሜሪካዊቷ ቶኒ ሞሪሰን ሁለት ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን እያሳደገች፣ በአሳታሚ ድርጅት ውስጥ አርታኢ ሆና እየሠራች፣ ልጆቿ ሳይነቁ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣች ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ እ.ኤ.አ. በ1970 ወጣ፤ በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። እሷን ያነሣሁት እኔም እሸለማለሁ ብዬ አይደለም፤ ሁለት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ሴት ጊዜ ካገኘች፣ እኔ ጊዜ አጣሁ ማለት እንደማልችል ለማስታወስ ነው።

የሠራልኝ ነገር

ውድ አንባቢያን፣ ከእናንተም መካከል የሚጽፍ፣ የሚሥል፣ የሚማር ወላጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለእኔ የጠቀሙኝን አራት ነገሮች ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ትንሽ መቁጠር ነው። በአንድ ማለዳ 300 ቃል እጽፋለሁ፤ ቅዳሜ 600። በሳምንት 1,500 ይሆናል። በአርባ ሳምንት 60 ሺህ ቃል፣ ማለትም አንድ ደህና ልብ ወለድ ነው። ከዓመቱ የሚተርፉት አሥራ ሁለት ሳምንታት ለበሽታ፣ ለእንግዳና ለበዓል ናቸው። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው እንደሚያውቀው እነሱም አይበቁም። ክረምት ላይ ከመዋዕለ ሕፃናት ጉንፋኑም የሆድ ሕመሙም ተራ በተራ ቤት ይገባል። ባለፈው የካቲት አንድም ቃል አልጻፍኩም። አሁን 41 ሺህ ላይ ነኝ።

ሁለተኛውን የተማርኩት ከመሥሪያ ቤት ነው። ፕሮግራም ስጽፍ ማታ ከመውጣቴ በፊት አንዲት ትንሽ ነገር ሆን ብዬ ሳልጨርስ እተዋለሁ፤ ጠዋት ከየት እንደምጀምር አልቸገርም። ለልብ ወለዱም እንደዚያው አደርጋለሁ። ሐሳቡ ሳያልቅብኝ አቆምና ቀጥሎ የሚሆነውን በአንድ መስመር እጽፋለሁ። ወላጅ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ መንፈስ እስኪመጣ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ሦስተኛው ስልክ ነው። ከባቡር ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ የገጸ ባሕርያቱን ንግግር በድምፅ እቀዳለሁ፤ ቅዳሜ እጽፈዋለሁ። ጎረቤቶቼ አዲስ አበባ ደውዬ የምጨቃጨቅ ይመስላቸዋል። ይህ በተለይ ሰዓታቸውን ሌላ ሰው ለሚወስንባቸው ይረዳል። ዐረብ ሀገር በሰው ቤት እየሠራችሁ ልጃችሁን ለአያት የተዋችሁ እናቶች፣ የወላጅነት ፈቃድ የሚባል ነገር እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ግን በሳምንት አንድ አጭር ተረት በድምፃችሁ ቀድታችሁ ብትልኩ፣ ልጁ ደጋግሞ ይሰማዋል። እሱም ድርሰት ነው።

አራተኛው «ቆዪ» ለሚለው ቃል መጨረሻ ማበጀት ነው። ለልጅ ማብቂያ የሌለው «ቆዪ» ከ«ሂጂ» አይለይም። አንዲት የአስር ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ገዛሁ። «ቆዪ» ካልኳት ሰዓቷን እገለብጣለሁ፤ አሸዋው ሲያልቅ፣ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይም ብሆን፣ እነሣለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አላመነችኝም፤ እየመጣች ፊቴን ታይ ነበር። ኋላ ላይ አመነችኝ።

አያቲቱ ለምን አላነበበችውም?

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ያላሰብኩት ነው። ማታ ማታ ታብሌቱ ቀርቶ ለሩብ ሰዓት «ተረት ተረት» ማለት ጀመርን። አንድ ቀን የማውቀው ተረት ሲያልቅብኝ የራሴን ልብ ወለድ መንገር ጀመርኩ። አያቲቱ ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ ጓዳ ውስጥ፣ ጎታው ሥር ትደብቃለች።

«ጓዳ ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ጎታስ?» ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣ ግማሹን በስዊድንኛ፣ «ለምን ለልጅቷ አላነበበችላትም?» አለች።

ስንት ወር የጻፍኩት ታሪክ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። ደብዳቤው የተደበቀው እኔ እንዲደበቅ ስለፈለግሁ ብቻ ነበር። እንዲሁ አፌ ላይ የመጣልኝን «ማንበብ አትችልማ» አልኳት። ልጄ «እኔም አልችልም» ብላ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

እኔ ግን አልተኛሁም። ታሪኩ ተፈቶልኛል፤ አያቲቱ ደብዳቤውን የደበቀችው ማንበብ እንደማትችል ለመናገር ስላፈረች ነው። ሦስት ምዕራፍ እንደገና ጻፍኩ፤ ካለኝ ሁሉ የተሻሉት እነሱ ናቸው። ነገር ግን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ አልነበረም። እኔም ማንበብ ለማትችል ሰው ረጅም ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔ ነው።

ያን ሳምንት ማቀዝቀዣው ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው ጎን፣ ሀ ሁ ሂ ተለጠፈ። እዚህ ሀገር ትምህርት ቤት ስትገባ፣ በቂ ተማሪና መምህር ከተገኘ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋን የመማር መብት አላት። መሠረቱ ግን ከቤት ካልያዘች የሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ አያደርስም።

በዚህ ከተማ የኖረችው አስትሪድ ሊንድግሬንም ዝነኛ መጽሐፏን ያገኘችው ከልጇ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ልጇ ካሪን ታማ ተኝታ ሳለ ስለ ፒፒ ሎንግስትሩምፕ ንገሪኝ አለቻት፤ ስሙን የፈጠረችው ልጅቷ ናት። እናትየው ለዓመታት በቃሏ ስትነግራት ቆየች። በ1944 በረዶ አዳልጧት እግሯ ተጎድቶ ስትተኛ ጻፈችው፤ የእጅ ጽሑፉን ለልጇ አሥረኛ ልደት ሰጠቻት። አንድ አሳታሚ አልቀበልም ካለው በኋላ በ1945 በሌላ አሳታሚ ታተመ። መጀመሪያ ተነገረ፣ ቀጥሎ ተጻፈ። እኔ ተገላቢጦሹን ነበር የያዝኩት።

አሁን

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ለእንቁጣጣሽ ይወጣል ያልኩት መጽሐፍ ሁለት እንቁጣጣሽ አልፎታል። አንዳንድ ሳምንት መጽሐፉ ይጎዳል፣ አንዳንድ ሳምንት ቤቱ። የምንጠነቀቀው አንዱ ብቻ ሁልጊዜ ተጎጂ እንዳይሆን ነው። ባለቤቴ ትምህርቷን አጋምሳለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ አማርኛ የምትሰማው ከእኔና ከእናቷ ብቻ ስለነበር፣ የምታውቀው ለእሷ የሚባለውን ነው። «ነዪ»፣ «ብዪ»፣ «ተኚ»። እኔንም «አባ ነዪ» ትለኝ ነበር። እናቴ በስልክ ሰምታ ስቃ አትጠግብም። ላስተካክላት ብሞክርም አልሆነም።

ያለፈው ቅዳሜ ጠረጴዛዬ ጎን በትንሿ ወንበሯ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ትሞነጭር ነበር። እሷም መጽሐፍ እየጻፈች ነው። ሰዓቴ ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ዘጋሁና «ነዪ፣ ቁርስ እንብላ» አልኳት። ቀና አላለችም። እጇን ሰዳ የአሸዋ ሰዓቷን ገለበጠችና «ቆይ አባ» አለችኝ።

«ቆዪ» አላለችኝም። «ቆይ» ነው ያለችኝ። ቁጭ ብዬ አሸዋው እስኪያልቅ ጠበቅኋት።