መጀመሪያ ስፉት፣ ከዚያ ቁረጡት

በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ የማይለበስ፣ ግን ለመስጠትም ለመጣልም ልብ እምቢ የሚልበት ልብስ አይጠፋም። እኔ ጋ የነበሩት የእናቴ ሁለት የጥጥ ቀሚሶች ናቸው፤ አንዱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ሌላው ነጣ ብሎ ትናንሽ አበባ ያለበት። ካረፈች በኋላ ለመጨረሻ ልጄ የአልጋ ልብስ ላደርጋቸው አሰብሁ፤ ፈረንጆች ኩዊልት የሚሉትን፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተጋጠመ የሚሰፋውን ዓይነት።

የመረጥሁት ንድፍ ልጆች ከወረቀት ሠርተው በነፋስ የሚያሽከረክሩትን መጫወቻ ይመስላል። ጨርቁን ሦስት ማዕዘን እያደረግሁ ቆረጥሁና መስፋት ጀመርሁ። ጠርዙ እየተለጠጠ ተወላገደ፤ አንዱም ከሌላው ጋር አልገጥም አለ። ከሰማያዊው ቀሚስ አንድ ሙሉ እጅጌ በከንቱ ሄደ፤ እርሱን ደግሞ ከገበያ አይገዙት! ልብስ ሰፊ የሆነች አንዲት በዕድሜ የምትበልጠኝ ጎረቤቴ አይታ፣ “አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ስፊው፣ ከዚያ ቁረጪው” አለችኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጨርቅ የሚሸመነው በድርና በማግ ነው። በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ሲቆረጥ ይጸናል፤ በሰያፍ ሲቆረጥ ግን ይለጠጣል። ስለዚህ ሰያፉ ጠርዝ መቀስ ሳይነካው በስፌት መያዝ አለበት።

ጨርቁን አስቀድማችሁ አጥባችሁ ተኩሱት፤ ቀለም የሚለቅ ወይም የሚሰበሰብ ከሆነ አሁኑኑ ይለይለት። ከካርቶን 13 በ13 ሳንቲ ሜትር መለኪያ ሠርታችሁ፣ ጠቆር ካለውም ነጣ ካለውም ጨርቅ ካሬዎች ቁረጡ። አንዱን ጠቆር ያለና አንዱን ነጣ ያለ ፊትና ፊት አጋጥማችሁ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በእርሳስ አስምሩ። መስመሩ ላይ አትስፉ፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሰባት ሚሊ ሜትር ተኩል እየራቃችሁ ሁለት ጊዜ ስፉ። ክሩን ሳትበጥሱ ቀጣዩን ጥንድ ብታስከትሉ ብዙ ጊዜ ይተርፋችኋል። አሁን መስመሩን ተከትላችሁ ቁረጡት። ስትዘረጉት ግማሹ ጠቆር፣ ግማሹ ነጣ ያለ ሁለት ካሬ ታገኛላችሁ። የስፌቱን ትርፍ ወደ ጠቆር ያለው አስተኝታችሁ ተኩሱ፤ ካውያውን ተጫኑት እንጂ አትግፉት። ከዚያ ስፌቱ በሁለቱ ማዕዘኖች እንዲያልፍ አድርጋችሁ ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል አስተካክሉት።

አራቱን ካሬዎች አልጋ ላይ ደርድሩ፤ ጠቆር ያሉት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙሩ። (እኔ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ፈትቻለሁ፤ አሁን ሳልሰፋ በስልክ ፎቶ አነሣዋለሁ።) ሁለት ሁለቱን አገናኝታችሁ፣ ቀጥሎ ሁለቱን ረድፎች ስትሰፉ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ብሎክ ይወጣል። ሃያ ብሎክ፣ አራት በአምስት ሲደረደር፣ 80 በ100 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለሕፃን ይበቃል። ለዚህ ከየቀለሙ 40 ካሬ ያስፈልጋል፤ አዲስ ጨርቅ ከገዛችሁ ስፋቱ 110 የሆነው 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይፈጃል።

ሁለቱን ካሬዎች ዙሪያቸውን ሰፍቶ በመስቀልኛ መቁረጥም አለ፤ በአንዴ አራት ይወጣል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የውጭው ጠርዝ ሁሉ ሰያፍ ስለሚሆን ያው መለጠጥ ይመለሳል። እኔ አልመክረውም።

አሮጌ ልብስ ያሳፍራል የምትል እህት ካለች፣ በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጊስ ቤንድ የምትባለውን መንደር ታስብ። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባሉ እናት እ.ኤ.አ. በ1942 የሞቱትን ባለቤታቸውን የሥራ ልብስ ቆራርጠው ኩዊልት ሰፍተዋል። የዚያች መንደር ሴቶች ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል።

የእኔ ሥራ ሙዚየም አይገባም። ስፌቱ እዚህም እዚያም ይዛነፋል፤ አንዱ ብሎክ ላይም የእናቴ ቀሚስ የአዝራር ቀዳዳ ቀርቷል። ልጄ እንቅልፍ ሲመጣበት ጣቱን የሚያስገባው እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ነው። ለመካከሉ ያረጀ ስስ ብርድ ልብስ፣ ለጀርባው አቡጀዲ ተጠቅሜአለሁ።