ከመኪና ጀርባ የሚንጠለጠል ሳይክል፦ የሚባለውና እውነቱ

ከአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ተነስቶ ከከተማ ውጭ ሳይክል መንዳት የሚፈልግ ሰው ከፊቱ ሁለት አስቸጋሪ መንገዶች ይጠብቁታል። አንዱ በአየር ጤና አድርጎ ወደ ዓለም ገናና ሰበታ የሚወስደው የጅማ መንገድ ነው። ሌላው በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩና ሆለታ የሚዘልቀው የአምቦ መንገድ ነው። ሁለቱም ላይ ሲኖትራኩ፣ አይሱዙውና ሚኒባሱ ተጨናንቆ ይተማል፤ ለሳይክል የሚበቃ ጠርዝ ማግኘት ይቸግራል። ወጨጫ ተራራ ግን ከሰፈሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በተዳፋቱ ላይ፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ሳይክል ለመንዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ በቅርብ የለም። የሚያስፈራው እዚያ እስኪደረስ ያለው መንገድ ነው፤ ስለዚህ መኪና ያለው ሰው ሳይክሉን ጭኖ ይወጣል። ልጆቹን ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወስድ ወላጅም እንዲሁ ያደርጋል። ትክክለኛ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ዕቃ በመኪናው የኋላ ኮፈን ላይ በቀበቶ የሚታሰረው ማንጠልጠያ ነው። ስፖንጅ የለበሱ እግሮቹ ኮፈኑንና ፓራውልቱን ይደገፋሉ፤ ብዙውን ጊዜ ስድስት የሚሆኑ ቀበቶዎች ከላይ፣ ከጎንና ከታች በመንጠቆ የኮፈኑን ጠርዝ ይይዛሉ፤ ሳይክሉ ወደ ውጭ በወጡት ሁለት ክንዶች ላይ ይሰቀላል። ዕቃው እኛ ጋ የሚደርሰው በአብዛኛው ውጭ ባለ ዘመድ ሻንጣ ወይም ከሰው እጅ ተገዝቶ ነው። የአጠቃቀም መመሪያው አብሮት አይመጣም፤ ቢመጣም ከካርቶኑ ጋር ይጣላል። በመመሪያው ቦታ የገባው የሰው ወሬ ነው፤ ከወሬው ውስጥ ደግሞ አደገኛ የሆነ አለ።

«የትኛውም መኪና ላይ ይታሰራል»

አይታሰርም። ከኋላ የሚታሰረው ማንጠልጠያ በአሜሪካ መሸጥ በጀመረበት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመኪና ፓራውልት ወፍራም ብረት ነበር፤ ኮፈኑም ጠንካራ ላሜራ። የዛሬ መኪና ፓራውልቱ ፕላስቲክ ነው፤ ላሜራውም ስስ ነው። አምራቾቹ ለየመኪናው ሞዴልና ዘመን የሚስማማውን የሚነግር ዝርዝር የሚያወጡት ለዚህ ነው። ማንጠልጠያ ከመግዛት በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው።

በሰፈራችን በብዛት የሚታየውን ቪትዝ እንውሰድ። የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት ነው፤ አንዳንዱ ከመስታወቱ በላይ የፕላስቲክ ስፖይለር አለው። የላይኛው ቀበቶ መንጠቆ ስፖይለሩ ላይ ካረፈ ክብደቱን የሚሸከመው በጥቂት ብሎኖች የተያዘ ፕላስቲክ ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ካልሆነም ይነቀላል። የማንጠልጠያው እግር መስታወት ላይ ካረፈ ደግሞ መስታወቱን ሊሰብር ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ችግር ነፃ አይደሉም። የብዙዎቹ የኋላ በር ጌጠኛ ፕላስቲክና ሰፊ መስታወት የበዛበት ስለሆነ መንጠቆ የሚያርፍበት የብረት ጠርዝ ማግኘት ያስቸግራል።

ቀበቶው ምን ያህል ጉልበት እንደሚሸከም በቁጥር ማየት ይቻላል። ሁለት ሳይክልና ማንጠልጠያው በድምሩ 35 ኪሎ ግራም መዘኑ እንበል። ክብደቱ የታችኛው እግር ካረፈበት 40 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ወጥቶ ቢንጠለጠል፣ የላይኛው መንጠቆ ደግሞ ከዚያው እግር በ50 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ የላይኞቹ ቀበቶዎች ኮፈኑን ወደ ኋላ የሚጎትቱት በ28 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነው። ይህ መኪናው ቆሞ እያለ ነው። መኪናው ጉብታ ላይ ሲነጥር ጉልበቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዛገ የኮፈን ጠርዝ ላይ፣ በተለይ በአሮጌ ኮሮላ፣ ይህን ያህል መሳብ ቀልድ አይደለም።

«አጥብቆ ማሰር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐሳብ የለም»

ጎሚስታው ጋ ያለው ወጣት «ጋሼ፣ አሳምሬ ጠፍሬዋለሁ፤ ጅማ ድረስ ቢነዱት ንቅንቅ አይልም» ሲል ከልቡ ነው። እጁ ላይ ያለውን ነገር ያውቃል፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ተሂዶ የሚሆነውን ግን አያየውም።

ቀበቶ ይላላል። በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ስፖንጁ ይታመቃል፣ መንጠቆው ቦታውን ይይዛል፤ በዚያው መጠን ቀበቶው ትርፍ ያወጣል። ናይሎን ከሆነ ደግሞ ውሃ ይመጥጣል፤ ሲርስም ይለጠጣል። በክረምት ጠዋት ደረቅ ሆኖ የተጠበቀ ቀበቶ ዝናብ መትቶት ሰበታ ሲደርስ ጠዋት የነበረው ቀበቶ አይደለም። ፀሐይም ትጎዳዋለች። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ዓመቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ የተተወ ቀበቶ ቀለሙ ከገረጣ፣ ሲነኩትም ከሻከረ፣ ውስጡ ማለቅ ጀምሯል፤ ይጣል።

ስለዚህ ጦር ኃይሎች አካባቢ አስሮ የተነሳ ሰው አየር ጤና ላይ ዳር ይዞ ቢያየው ጥሩ ነው፤ ዓለም ገና ላይ እንደገና። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። የጎን ቀበቶዎችን «ትርፍ ናቸው» ብሎ መተውም ስህተት ነው። ላይኞቹ ሳይክሉን ከመውደቅ ይይዙታል፤ የጎኖቹ ደግሞ ኩርባ ላይ ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዝ ያደርጋሉ። የተረፈው የቀበቶ ጫፍ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ የመኪናው ጎማ ሊጠመጥመው ይችላል።

የጎማ ላስቲክ በቀበቶ ምትክ አይሆንም። ላስቲክ ስለሚለጠጥ ሳይክሉ በነጠረ ቁጥር አብሮ ይነጥራል። የሳይክሉን መሪ ወይም የፊት ጎማ እንዳይዞር ለመያዝ ግን ጥሩ ነው።

«በዝግታ ከነዱ ምንም አይሆንም»

ፍጥነት መቀነስ ይረዳል። የአየር ግፊት ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ ስለሚጨምር፣ ፈጣን መንገድ ላይ ረጋ ማለት በነዳጅም በቀበቶም በኩል ትርፍ አለው። በእኛ ሰፈር ግን ማንጠልጠያን የሚጎዳው ከነፋሱ ይልቅ ጉብታው፣ ጉድጓዱና ያለቀ አስፋልቱ ነው። ሠላሳ በሰዓት እየነዱም ጉድጓድ ውስጥ መግባት አለ።

የብዙ አምራቾች መመሪያ እነዚህን ማንጠልጠያዎች ከአስፋልት ውጭ መጠቀምን ይከለክላል። ወደ ሱባ ደን ለሚሄድ ሰው ይህ ወሳኝ ነው፤ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ጫካው የሚያስገባው መንገድ ኮረኮንች ነውና። አስፋልቱ ባለቀበት ቦታ መኪናውን አስተማማኝ ስፍራ አቁሞ፣ ሳይክሉን አውርዶ ከዚያ መንዳት ይሻላል። ዳገቱም የጉዞው ክፍል ይሆናል።

«ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን ይሻላል»

አውቶቡስና ሚኒባስ ላይ ዕቃ ጣሪያ ላይ ሲጫን እያየን ስላደግን ላይኛው አስተማማኝ ይመስለናል። ጣሪያ ላይ የተጫነ ሳይክል መብራትና ታርጋ አይሸፍንም፤ ይህ እውነተኛ ጥቅሙ ነው። በሌላ በኩል ነፋሱን ፊት ለፊት ስለሚቀበል ነዳጅ ይበላል፤ ቁሞ ሲጫን ለመኪናው ከአንድ ሜትር በላይ ቁመት ይጨምርለታል። አሽከርካሪው ይህን ረስቶ ከፎቅ ሥር ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ሲገባ ሳይክሉም ጣሪያውም አብረው ይጎዳሉ። 15 ኪሎ ግራም ከራስ በላይ ማንሳትም ለሁሉም ሰው አይሆንም።

«ቀለሙን የሚልጠው ብረቱ ነው»

ብረቱ ቀለሙን እንዳይነካ ስፖንጅ ለብሷል። ቀለሙን የሚፍቀው በስፖንጁና በላሜራው መሐል የገባው አቧራ ነው። በበጋ የካራ ቆሬንና የዓለም ባንክን አቧራ የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ኮፈኑንም ስፖንጁንም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ማንጠልጠያው በማያስፈልግበት ጊዜ ከመኪናው መውረድ አለበት።

«ሳይክል ሳይክል ነው፤ ሁሉም ይሰቀላል»

አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ማንጠልጠያዎች ለአንድ ሳይክል የሚፈቅዱት ክብደት 15 ወይም 16 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ ሳይክል ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ስለሆነ አይሰቀልበትም፤ ባትሪው ቢወጣም ብዙዎቹ ከልኩ አይወርዱም። የላይ አግዳሚ ብረት የሌለው የሴት ሳይክል በመሪውና በኮርቻው ተንጠልጥሎ መሄድ የለበትም፤ በሁለቱ መካከል የሚገባ ተጨማሪ ዘንግ አለ። ከካርቦን የተሠራ ቴላዮ ቀበቶ አለቅጥ ከጠበቀበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ሳይክሉ ከመኪናው ማርሚታ ፊት ለፊት እንዳይውል ማየትም ያስፈልጋል፤ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ጎማና ቸርኬ ይጎዳል። ቀበቶ ደግሞ ከሌባ አያድንም፤ በምላጭ ይቆረጣል። ምሳ ለመብላት የሚቆም ሰው ሳይክሉ የሚታየው ቦታ ላይ ይቀመጥ።

«ቀይ ጨርቅ ካሰርኩበት ይበቃል»

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉም የሚከፋው ስለሆነ ነው። እስካሁን ያልነው በአብዛኛው የባለቤቱን ንብረት የሚነካ ነው፤ ይህ ግን ከኋላ ያለውን ሰው ይነካል።

የቪትዝ ወርድ እንደ ሞዴሉ 1 ሜትር ከ66 እስከ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ነው። የአዋቂ ሳይክል ርዝመት ከ1 ሜትር ከ70 ይጀምራል፤ ትልቅ ጎማ ያለው የተራራ ሳይክል 1 ሜትር ከ80 ያልፋል። ስለዚህ ሳይክሉ ከመኪናው በአንድ ወይም በሁለቱም ጎን ወጥቶ ይሄዳል። አሽከርካሪው በለመደው የመኪናው ስፋት ያልፋል፤ የወጣው ጎማ ግን የእግረኛን ክርን ወይም የሞተረኛን መሪ ያገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የፊት ጎማውን መፍታት። እሱ ብቻ ርዝመቱን በ30 ሳንቲሜትር ገደማ ይቀንሰዋል።

ቀጥሎ መብራቱ አለ። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። አየር ጤና አደባባይ አካባቢ ሲመሽ የሚታየው ሕዝብ በቆሙ መኪኖች መሐል እየተሹለከለከ ይሻገራል። እግረኛው መኪናው ሊንቀሳቀስ መሆኑን የሚያውቀው ከኋላ መብራቱ ነው፤ ነጭ መብራት ሲበራ መኪናው ወደ ኋላ ሊመጣ መሆኑን ያያል፤ ፍሬቻው የት እንደሚዞር ይነግረዋል። የሳይክሉ ጎማና ፔዳል እነዚህን ከሸፈነ ቀይ ጨርቅ የትኛውንም አይናገርለትም። ጨርቅ በጨለማ ብርሃን መልሶ አያንጸባርቅም።

በ1968 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ጭነት የፍሬን መብራትን፣ ፍሬቻን፣ አንጸባራቂንና ታርጋን መሸፈን እንደሌለበት በግልጽ ይደነግጋል። በእንግሊዝ አገር ሳይክሉ እነዚህን ከሸፈነ ከሳይክሉ ጀርባ መብራትና ሁለተኛ ታርጋ ያለበት ሰሌዳ ማሰር ግዴታ ነው። እዚህ ያንን ሰሌዳ ማግኘት ቢያስቸግርም ሳይክሉን ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ፔዳሉን ከመብራቱ ፊት ማዞር፣ ከውጭኛው ሳይክል ላይ ቀይ አንጸባራቂ መለጠፍ ይቻላል።

ወደ ኋላ መንዳት ሌላ ጉዳይ ነው። ማንጠልጠያው ሳይክል ሲጫንበት በመኪናው ርዝመት ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ይጨምራል፤ ካሜራውን ይጋርዳል፤ ሴንሰሩም ያለማቋረጥ ይጮሃል። ጩኸቱ የሰለቸው አሽከርካሪ ያጠፋዋል። በአጣና ተራና በወይራ ሰፈር ጠባብ መንገዶች ሕፃናት የሚጫወቱት መኪና በሚያፈገፍግበት ቦታ ነው፤ የፔዳሉ ከፍታ ደግሞ የሕፃን ፊት የሚደርስበት ነው። ማንጠልጠያ የጫነ መኪና ያለ ጠቋሚ ወደ ኋላ መሄድ የለበትም። አንድ ሰው ይውረድና ከኋላ ይቁም።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዋና ጎዳናዎችን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነፃ እያደረገ ለእግረኛና ለሳይክለኛ ሲከፍት ቆይቷል። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩ የሳይክል መስመሮችም አሉ። ሳይክል የሚጭነው መኪና እየበዛ ይሄዳል ማለት ነው።

ከግቢ ከመውጣት በፊት አንዱ መኪናው ውስጥ ገብቶ ፍሬን ይርገጥ፣ ፍሬቻ ያብራ፣ ማርሽ ወደ ኋላ ያስገባ። ሌላው አሥር እርምጃ ርቆ ከኋላም ከግራና ቀኝም ሆኖ ይይ። ሁሉም መብራትና ታርጋው ከታየው ጉዞ ይቀጥላል። ካልታየው ሳይክሉ ይውረድ። ቪትዝን በመሰለ መኪና የኋላ ወንበሩን አጥፎ፣ የሳይክሉን ጎማዎች ፈትቶ፣ ካቴናውን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ሳይክል ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ለአንድ ሰው ጉዞ ማንጠልጠያውም አያስፈልግም።