ለነርስነት ቃለ መጠይቅ ምን ልልበስ?



ነርሲንግ ተምራ የጨረሰች እህት የቃለ መጠይቋ ቀን ሲደርስ አንዳንዴ ከፈተናው ይልቅ የልብስ ነገር ያስጨንቃታል። «ሒጃቤን አይተው ይጥሉኝ ይሆን?» ብላ ከነጭራሹ የምትቀርም አትጠፋም። እህቴ ሆይ! ከመርሳም ነይ ከሌላ የሐብሩ ቀበሌ ወይም እዚያው ከወልዲያ፣ በዚህ ምክንያት አትቅሪ። የነርስ ልብስ ትልቁ መመዘኛ ንጽሕና ነው። ጀርም በእጅና በጨርቅ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ይሻገራል። ይህን ማወቅሽ ከአለባበስሽ ይታይ።

ልብሱን በተመለከተ

አዲስ ልብስ ለመግዛት ብለሽ አትበደሪ። ያለሽን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበሽ፣ ፀሐይ ላይ አስጥተሽ፣ በካውያ ተኩሺው። ሰፋ ያለ፣ መሬት የማይጠርግ ቀሚስ ወይም ጉርድ ይበቃል። እጅጌው ለውዱእ እንደምትሰበስቢው እስከ ክርን በቀላሉ የሚወጣ ይሁን። ሒጃቡ ከጥጥ የተሠራ፣ ጫፉ የማይንዠረገግ ቢሆን ይመረጣል፤ በሽተኛ ላይ ጎንበስ ስትዪ የተንጠለጠለ ጨርቅ ቁስል ይነካልና። ጫማሽ ዝቅ ያለ፣ የማይንሸራተትና ድምፅ የማያበዛ ይሁን።

ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚኒባስ የምትመጪ ከሆነ በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው አለ። ጫማሽን በፌስታል ይዘሽ ስትደርሺ ቀይሪ።

ሽቶ አታብዢ። የወይባ ጢስም ልብስ ላይ ይቆያል፤ ደስ የሚል ሽታ ቢሆንም አስም ያለበትን በሽተኛ ሊያስነሳበት፣ ነፍሰ ጡሯንም ሊያቅለሸልሻት ይችላል።

እጅና ጥፍር

ጥፍርሽን አሳጥሪ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ በሽተኛ የሚነካ ባለሙያ አርቴፊሻል ጥፍር እንዳያደርግ፣ የተፈጥሮ ጥፍሩም ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ መክሯል። የጥፍር ቀለም ለውዱእ ውኃ እንደሚከለክል ታውቂያለሽ፤ በሥራ ላይ ደግሞ ከጥፍር ሥር ያለውን ቆሻሻ ይሸፍናል። ቀለበትና አምባርም ጀርም ስለሚይዙ ቤት ይቀመጡ። እጅ በሳሙና ሲታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ሲታሽ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እንደሚወስድም አስታውሺ፤ ልትጠየቂው ትችያለሽ።

ስለ ሒጃብ ቢጠይቁሽ

አትደንግጪ፣ አትቆጪም። ጥያቄውን እንደ ሙያ ጥያቄ ቁጠሪውና እንዲህ ብለሽ መልሺ፦ «በየቀኑ የታጠበ እለብሳለሁ፤ ጫፉን ጋውኔ ውስጥ እከተዋለሁ፤ በሽተኛ ከመንካቴ በፊት እጅጌዬን ሰብስቤ እታጠባለሁ፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ስገባ የክፍሉን ልብስና የራስ መሸፈኛ እለብሳለሁ።»

ይህ ጥያቄ በሌላም አገር ተነስቷል። በእንግሊዝ አገር በ2007 (እ.ኤ.አ.) በሽተኛ የሚነኩ ባለሙያዎች ከክርን በታች እጃቸውን እንዲገልጡ ተወሰነ። ሙስሊም ባለሙያዎች ቅሬታ አቀረቡ። በ2010 በወጣው መመሪያ ለእነርሱ አንዴ ተለብሶ የሚጣል የክንድ መሸፈኛ ተፈቀደ፤ እጅን መታጠቡ ግን ለሁሉም እንደ ጸና ቀረ። ሁለቱ ወገኖች በመነጋገር መፍትሔ አገኙ ማለት ነው።

ለቤተሰብ

እናቶችና አባቶች! ልጃችሁን «በዚህ ልብስሽ ማን ይቀጥርሻል» ብላችሁ አታስፈሯት። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመዲና መስጂድ በተተከለ ድንኳን ውስጥ የቆሰሉትን ታክም እንደነበር ሲራ ይነግረናል። የእናንተም ድርሻ ቀላል ነው፤ ከዋዜማው ጀምሮ የቤት ሥራውን አቅልሉላት፣ የመጓጓዣውን ያዙላት፣ ዱዓ አድርጉላት።

አንቺም ከመውጣትሽ በፊት የትምህርት ማስረጃሽን፣ የሙያ ፈቃድሽንና መታወቂያሽን ዋናውንና ቅጂውን መያዝሽን አረጋግጪ። ልብሱን ማታ አዘጋጅተሽ ከተኛሽ ጠዋት ሐሳብሽ ጥያቄው ላይ ይሆናል።

አላህ ያግራልሽ!