ጎማው ላይ ያለው ዓመት በማን አቆጣጠር ነው?

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ደጀንን እንዳለፈ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። እስከ ድልድዩ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል፣ በደጋው ብርድ የተነሣ ተሽከርካሪ ብዙም ሳይቆይ ከቆላው ሙቀት ይደርሳል። ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ የሚፈጠረው ግለት በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ይተላለፋል፤ አስፋልቱም ከሥር ይግላል። እህል የጫነ አይሱዙም ሆነ ሰው የሞላ ሚኒባስ ያንን ቁልቁለት የሚወርደው ባለንብረቱ ከወራት በፊት ከገበያ መርጦ በገዛው ጎማ ነው።

ጎማ በየዕለቱ እየተፋቀ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ሲያልቅም አራቱ ወይም ስድስቱ በተቀራራቢ ጊዜ ያልቃሉ። አብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ የምንዛሬ ለውጥ ወዲያው ዋጋው ላይ ይታያል። ስለዚህ ርካሹን መፈለግ የሚያስነቅፍ አይደለም። ሆኖም ተመሳሳይ መጠን ባላቸው ሁለት ጎማዎች ላይ እጅግ የተራራቀ ዋጋ ሲጠራ፣ የልዩነቱን ምክንያት በአብዛኛው የሚናገረው በጎማው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ገዢው የሻጩን ቃል ከመስማቱ በፊት ያንን ማንበብ ይገባዋል።

በመጀመሪያ የሚፈለገው የተመረተበት ጊዜ ነው። በጎማው ጎን ዲ፣ ኦ እና ቲ በሚባሉ ሦስት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ረጅም መለያ ይገኛል፤ በመጨረሻው ላይ አራት አኃዞች አሉ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 1516 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2016 በ15ኛው ሳምንት ነው። ኢትዮጵያዊ ገዢ በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓመቱ የተጻፈው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በመሆኑ፣ ያ ሳምንት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚውለው በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ነው። «ዐሥራ ስድስት» የሚለውን አይቶ የ2016 ዓ.ም. ምርት ነው ብሎ የተቀበለ ሰው፣ ካሰበው ስምንት ዓመት ያህል የሚያረጅ ጎማ ገዝቷል። ሻጩ ዋሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ እርሱም በዚያው መንገድ አንብቦት ይሆናል። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው፤ ከዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ ነው። አራቱ አኃዞች አንዳንድ ጊዜ በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሚታተሙ፣ ካልታዩ ጎማውን ገልብጦ መፈለግ ያስፈልጋል። በአራት ፈንታ ሦስት አኃዝ ብቻ ያለው ጎማ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ስለሆነ በነጻ ቢሰጥ እንኳ ለመንገድ አይሆንም።

ጎማ ቆሞም ያረጃል። ላስቲኩ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ሙቀትና ፀሐይ ደግሞ ያፋጥኑታል። ጥርሱ ሙሉ የሆነ፣ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ጎማ በውስጡ ላስቲኩና ሽቦው መላቀቅ ጀምረው ሊሆን ይችላል። በፍጥነትና በሙቀት ጊዜ ሽፋኑ ተገንጥሎ የሚወጣው እንዲህ ያለው ጎማ ነው። ብዙ የጎማ አምራቾች ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ጎማ፣ ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀረው፣ እንዲወገድ ይመክራሉ፤ አንዳንድ የተሽከርካሪ አምራቾች ገደቡን 6 ዓመት ያደርጉታል። በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመ ጎማ ጎኑ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቆ ከታየ፣ ቅናሹ ምንም ያህል ቢሆን መተው ይሻላል። ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ተጠባባቂ ጎማም ከዚህ አያመልጥም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጭነት ነው። ለሚኒባስ ከሚቀርቡት ጎማዎች አንዱ 195/70 ብሎ አር 15 እና ሲ የሚል ፊደል ያለው ነው፤ ሲ የሚለው ለንግድ ተሽከርካሪ ታስቦ ጎኑ መጠናከሩን ያሳያል። ቀጥሎ 104/102 ይላል። 104 ማለት አንዱ ጎማ ለብቻው ሲታሰር እስከ 900 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ዲያሜትሩ ተቀራራቢ የሆነ የቤት መኪና ጎማ ግን 91 ሊል ይችላል፤ ይህም 615 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። አራቱ ሲደመሩ 2,460 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ ከዚህ ላይ የመኪናው የራሱ ክብደት ተቀንሶ ለተሳፋሪውና ከላይ ለሚጫነው ጆንያ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጎማው ቸርኬው ላይ ስለ ገባ ብቻ ይሆናል ማለት አይቻልም።

ከጭነቱ ቁጥር ቀጥሎ ያለው ፊደል ፍጥነትን ይገልጻል። ቲ እስከ 190፣ ኤች እስከ 210፣ ዋይ እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። በከተማ አንዳንድ ወጣቶች ትንንሽ መኪኖችን ሰፊ ቸርኬና ጎነ ቀጭን የስፖርት ጎማ ያለብሷቸዋል። ማማሩ አያከራክርም። ሆኖም የስፖርት ጎማ መንገድ ቆንጥጦ እንዲይዝ ከለስላሳ ላስቲክ ስለሚሠራ ቶሎ ያልቃል፤ ጎኑም ቀጭን ስለሆነ ከጉድጓድ ሲገባ ምቱን የሚቀበለው ቸርኬው ነው። በብዙ የቤት መኪና ጎማዎች ላይ 200፣ 400 ወይም ከዚያ በላይ የሚል የድካም መቋቋሚያ ቁጥር ይገኛል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቶሎ አለማለቁን ያመለክታል። ኪሱን የሚያስብ ሰው የመኪናውን የፋብሪካ መጠን ይዞ ከፍ ያለ ቁጥር ቢመርጥ ይጠቀማል።

በየከተማው እየበዙ ለመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ መጠን ካለው የቤንዚን መኪና የተፈታ ጎማ መጠኑ ቢገጥም እንኳ የጭነት ቁጥሩ ላይበቃ ይችላል።

ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ከቸርኬ ሳይወልቅ ገንዘብ ባይከፍል ይመረጣል። ጎሚስታው ውስጡን ሲያሳይ በጎኑ ላይ የተለጠፈ ንጣፍ፣ ያበጠ ቦታ ወይም የወጣ ሽቦ ካለ ጎማው የበረባሶ ዕድሜው ደርሷል። ጥርሱ ካለቀ በኋላ በጋለ ስለት ተቆርጦ እንደ አዲስ የወጣለትም አለ፤ እንዲህ ያለው ቦይ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ሸካራ፣ ጥልቀቱም ያልተስተካከለ ነው። በቦዮቹ መካከል ፋብሪካው ያስቀመጠው ትንሽ እብጠት ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህ በብዙ አገሮች ሕጋዊው የመጨረሻ ወሰን ነው።

ገንዘቡ ለሁለት ጎማ ብቻ ከበቃ አዲሶቹ ከኋላ ይታሰሩ ዘንድ ታላላቅ አምራቾች ይመክራሉ። ብዙ ሾፌሮች ከፊት ማሰር ይመርጣሉ። የፊቱ ሲንሸራተት ግን ፍጥነት ቀንሶ በመሪ ማስተካከል ይቻላል፤ የኋላው በእርጥብ መንገድ ከለቀቀ መኪናው ይዞራል። ከኋላ ጥንድ ጎማ ያላቸው የጭነት መኪኖች ደግሞ ጥንዱ በቁመት እኩል ካልሆነ ረጅሙ የአጭሩን ጭነት ጨምሮ ስለሚሸከም ቀድሞ ይፈነዳል።

በጥሩ ዋጋ የተገዛን ጎማ ያለ ጊዜው የሚገድለው የንፋስ ማነስ ነው። ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ከውስጥ ይግላል። ልኩ በአብዛኛው በሾፌሩ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ስላለ፣ ጠዋት ጉዞ ሳይጀመር ጎማው ቀዝቅዞ እያለ መለካት ነው። በረሃ ሲወርዱ ጎማው ጠነከረ ብለው የሚያስተነፍሱ ሾፌሮች አሉ፤ በሙቀት ግፊቱ መጨመሩ ግን የሚጠበቅ ነው። የተቀነሰው ንፋስ ዳገቱ ላይ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ያደርገዋል፤ የጋለውን ጎማ ጥላ ሥር አቁሞ ማሳረፍ እንጂ ማስተንፈስ አይገባም።