ተጨማሪ መረጃ፦ መጀመሪያ ኦዞን፣ ቀጥሎ ክሎሪን

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ፣ በሚልዋኪ ከተማ 400,000 ያህል ሰዎች በተቅማጥና በሆድ ቁርጠት ታመሙ። የቧንቧው ውሃ ግን ክሎሪን ነበረው። ተጠያቂው ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተዋሲ ነው። ከአንጀት ሲወጣ ኦኦሲስት በሚባል ጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኖ ይጓዛል፤ ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። በሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን ባለበት፣ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ውሃ ውስጥ እንኳ ከ1,000ው 999ኙን ለመግደል ከ10 ቀን በላይ ይፈጃል። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃሉ!

በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ተዋሲውን ለመግደል ኬሚካሎችን በተራ መጠቀምን ሞከሩ፤ ኦዞን ይቀድማል፣ ክሎሪን ወይም ሞኖክሎራሚን ይከተላል። የተገኘው ውጤት ሁለቱ ለየብቻ ከሚገድሉት ድምር በለጠ። ኦዞኑ ቅርፊቱን አቁስሎ ለተከታዩ መግቢያ ሳይከፍትለት አይቀርም ይባላል። ጥቅሙ ይበልጥ የሚጎላው ኦዞን ብቻውን በሚደክምበት ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ደግሞም ኦዞን ቶሎ ይጠፋል፤ እስከ ቧንቧው ጫፍ ዘብ የሚቆመው ክሎሪኑ ነው። ኦዞን ሲበዛ ግን ብሮማይድ ባለበት ውሃ ውስጥ ብሮሜት ይፈጠራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

ይህ የማጣሪያ ጣቢያ ሥራ እንጂ የቤት ሙከራ አይደለም። ክሎሪን ያለበትን በረኪና ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያስወጣል። ቤት ውስጥ ይህን ተዋሲ የሚገድለው ማፍላት ነው፦ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ግን 3 ደቂቃ።