«ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፦ ስብስብና ዑደት በአማርኛ ቃላት ቆጠራ

በፓይተን ቋንቋ ስብስብ ማለት አንድን አባል ሁለት ጊዜ የማይዝ፣ ለአባላቱም ቅደም ተከተል የማይጠብቅ የመረጃ ዓይነት ነው። ጀማሪዎች ይህን ባሕርይ አብዛኛውን ጊዜ የሚማሩት በቁጥሮች ነው፤ 1፣ 2፣ 2 እና 3 ያሉበት ዝርዝር ወደ ስብስብ ሲለወጥ ሦስት አባላት ይቀሩታል። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ለመመረቂያ ጥናቱ የተለያዩ ቃላትን ብዛት የሚቆጥር ተማሪ፣ ፕሮግራሙ ያለ እንከን እየሠራ፣ የተሳሳተ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል።

«ዓለም፣ ፀሐይ፣ አለም፣ ጸሀይ፣ ዓለም» የሚል የአምስት ቃላት ዝርዝር ወደ ስብስብ ሲለወጥ አራት አባላት ይኖሩታል፤ አንባቢ የሚያውቀው ግን ሁለት ቃላት ብቻ ነው። ምክንያቱ ፓይተን የሚያነጻጽረው ድምፅን ሳይሆን ለፊደሉ የተሰጠውን የዩኒኮድ ቁጥር መሆኑ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ ደግሞ 4736 ሆነዋል። ሦስቱ ከራብዖቻቸው ከሃ፣ ከሓ እና ከኃ ጋር በአማርኛ አንድ ድምፅ ስላላቸው፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ስለሆኑ፣ «ፀሐይ» በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። (አራት ነጥብ የተጣበቀበት «ዓለም።» ሌላ አባል ሆኖ መቆጠሩም አይዘነጋ።)

ስለዚህ ከመቁጠር በፊት ሞክሼ ፊደላትን በአንድ ወካይ ፊደል የሚተካ ዑደት ያስፈልጋል። ብዙ ጀማሪዎች ዑደቱን በራሱ በስብስቡ ላይ ያዞሩታል፤ ያልታረመውን ቃል ያወጣሉ፣ የታረመውን ያስገባሉ። የታረመው ቃል ቀድሞ በስብስቡ ውስጥ ካለ የአባላቱ ብዛት በአንድ ይቀንሳል፤ ፓይተንም በሚቀጥለው ዙር የስብስቡ መጠን በዑደት መካከል መለወጡን ገልጾ ሥራውን ያቆማል። ይህ እንዲያውም መልካሙ አጋጣሚ ነው። የታረመው ቃል አዲስ ከሆነ ግን አንድ ወጥቶ አንድ ስለገባ ብዛቱ አይለወጥም። ፓይተን የሚፈትሸው ብዛትን ብቻ በመሆኑ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በዚህ መካከል የስብስቡ ውስጣዊ አደረጃጀት ሊቀየር ስለሚችል፣ ዑደቱ አንዳንድ ቃላትን ሳያርም ሊያልፋቸው ይችላል።

አስተማማኙ መንገድ ዑደቱን በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ማዞርና የታረሙትን ቃላት ወደ አዲስ ስብስብ ማስገባት ነው። ባዶ ጥምዝ ቅንፍ በፓይተን ባዶ ዲክሽነሪ እንጂ ባዶ ስብስብ ስላልሆነ፣ አዲሱ ስብስብ በዓይነቱ ስም ተጠርቶ መፈጠር አለበት።

ከስብስቡ የመጀመሪያዎቹን 100 ቃላት ለናሙና መውሰድም አይመከርም። ከ3.3ኛው የፓይተን ቅጂ ጀምሮ የጽሑፍ አባላት ቅደም ተከተል ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ሊለያይ ስለሚችል፣ ናሙናው የሚወሰደው ቃላቱ በፊደል ተራ ከተደረደሩ በኋላ ነው።

ሞክሼዎችን ማዋሐድ ዋጋም አለው። በግዕዙ ሥርዓት «ሠረቀ» ወጣ፣ ብርሃን ሰጠ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ ከዑደቱ በኋላ ሁለቱ አንድ አባል ይሆናሉ። ይህ ልዩነት ለጥናቱ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የታረመውን ቃል ከመጀመሪያዎቹ አጻጻፎች ስብስብ ጋር የሚያያይዝ ዲክሽነሪ በዚያው ዑደት ውስጥ መገንባት ይቻላል።