በስላቭ ቋንቋዎች «ንጉሥ» ስለሚባልበት ቃል አመጣጥ

ንጉሥን ሩሲያውያን «ኮሮል»፥ ፖላንዳውያን «ክሩል»፥ ቼኮች «ክራል» ይሉታል። ብዙዎች ሊቃውንት እንደሚስማሙበት፥ ቃሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ814 ዓ.ም. ከሞተው ከፍራንኮች ንጉሥ ከታላቁ ካርል የተጸውዖ ስም የወጣ ነው። የሮማዊው የቄሣር ስምም እንዲሁ ማዕረግ ሆኖ ቀርቷል።

ዋናው ቁም ነገር ግን በድምፁ ላይ ነው። ላምን የሚያመለክተው የስላቮች ጥንታዊ ቃል «ኮርቫ» በሩሲያ «ኮሮቫ»፥ በፖላንድ «ክሮቫ»፥ በቼክ «ክራቫ» ሆኗል፤ ሩሲያውያን ከ«ር» በኋላ አናባቢ ሲጨምሩ፥ ሌሎቹ «ር»ን ከአናባቢው አስቀድመዋል። «ካርል»ም ይህንኑ ሕግ ስለ ተከተለ፥ ስሙ ወደ ስላቮች የገባው ለውጡ ገና ሳይፈጸም ነው ማለት ነው። እንግዲህ ስላቮች በዚያን ጊዜ ጽሕፈት ባይኖራቸውም፥ የአንድ ባዕድ ንጉሥ ስም የድምፃቸውን ለውጥ ዘመን ወደ 800 ዓ.ም. ግድም ያመለክተናል።

ሀንጋሮች ንጉሥን «ኪራይ» ማለታቸውም ከስላቮች የተቀበሉት ነው፤ ከአማርኛው ኪራይ ጋር ግን ከድምፅ መግጠም በቀር አንዳች ዝምድና የለውም።